ዘይት መጠጣት የተወችው መኪና

ኡ ቺት ካይን የኮፈኑን ሽቦ ሊፈታ እጁን ሰደደና ባለበት ቀጥ አለ። ሽቦው ወደ ግራ ተጠምዟል።

የኮፈኑ መቆለፊያ ከተሰበረ ስንት ዘመኑ! ከዚያ ወዲህ በሽቦ ነው የሚታሰረው፤ አሳሪውም ፈቺውም እሱ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ወደ ቀኝ ነው የሚጠመዝዘው። ሰው የሽርጡን ቋጠሮ ይስታል እንዴ? ጎንበስ ብሎ በጣቱ ዳሰሰው። አልተሳሳተም፤ ግራ ነው።

"ሌባ!" አለ። ከዶሮዎቹ በቀር የሰማው የለም።

ሽቦውን ፈትቶ ኮፈኑን አነሳና ንብረቱን ቆጠረ። ባትሪው አለ። ካርቡራተሩ አለ። ችንጋው አለ፤ በአውራ ጣቱ ሲጫነውም ልክ እንደሚወደው ትንሽ ብቻ ረገብ አለለት። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘ፣ በጨርቅ ጠረገ፣ መልሶ ከተተ፣ እንደገና መዘዘና ወደ ንጋቱ ብርሃን አንስቶ አየው። ሙሉ ነው። ትናንትም ሙሉ ነበር። ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ። ምን ጉድ ነው ይሄ?

ያረጀ ሞተር ዘይት ይጠጣል፤ ይሄ ክርክር የለውም። እሷም ለዓመታት ስትጠጣ ኖራለች፤ ትንሽ ትንሽ፣ በልኳ። ከዝናቡ መውጫ ጀምሮ ግን ጠብታ አልቀመሰችም። ዕድሜ ልኩን ሲጠጣ የኖረ ሽማግሌ ድንገት መጠጥ ቢተው ቤተሰቡ እልል ይላል። ኡ ቺት ካይን ግን ጠረጠረ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

መኪናይቱ ያቺ በማንዳሌ መንገድ ሁሉ ትርመሰመስ የነበረችው ሰማያዊ ታክሲ ናት፤ ከፊት ሁለት ሰው አጣብቃ፣ ከኋላ ሽንኩርትና ነጋዴ ሴቶችን የምትጭን። በጎረምሳነቱ የገዛት ናት። አብረዋት የተሠሩት አብዛኞቹ ቆርቆሯቸው የዶሮ ቤት ጣሪያ ሆኗል። እሷ ግን ይኸው አለች። በሻይ ቤት እንደ መምህር "ሳያ" እያሉ፣ "ሳያ ቺት፣ መድኃኒቱ ምንድን ነው?" ብለው ሲጠይቁት መልሱ አንድ ነው፤ "ሳትታመም አክማት።" ዘይቱ ሳይጠቁር ይቀይራል። በዝናብ ጊዜ ከቀለሙ ይልቅ ሆዷን ያጥባል፤ መኪና የሚበላው የታች ጭቃ ነውና። ጠዋት ቀዝቅዛ እያለች አያስጮኻትም፤ እስክትሞቅ ድረስ አጠገቧ ቆሞ ሲጋራውን ያጨሳል። ያልለመደው ድምፅ ከሰማ የዚያኑ ዕለት ከሥሯ ይገባል። "ነገ የሚባል ቁልፍ በሳጥኔ ውስጥ የለም" ይላል፤ እውነቱን ነው።

አሁን ግን ሌላ ሰው ነክቷታል። ምን ሊያደርጋት?

መልሱን ያገኘው እራት ላይ ነው። ኮ ቱራ፣ የአንድ ልጁ የማ ኒላር ባል፣ እንደ አገሩ ወግ ሚስቱ ቤት ገብቶ የሚኖር፣ ቀን ቀን የቻይና ሞተር ብስክሌት የሚጠግን ዝምተኛ ልጅ ነው። ኒላር የመጀመሪያ ልጇን ፀንሳለች። ያን ማታ ኮ ቱራ የዓሣውን ወጥ ሩዙ ላይ እያፈሰሰ፣

"አባባ፣ የጡረተኛው የኡ ሚን መኪና እኮ ተወሰደች" አለ።

"ወዴት?"

"አዲስ ሕግ ወጥቷል አይደል? አሮጌ መኪናውን ለመንግሥት ያስረከበ ሰው ከውጭ የተሻለ መኪና የማስገባት ፈቃድ ይሰጠዋል። ያሮጌዋ ዕጣ መጨፍለቅ ነው። ግን ዝም ብለው አይቀበሉም አሉ፤ በራሷ ሞተር ተነድታ መግባት አለባት።"

የኡ ቺት ካይን ጣቶች ሩዙ ላይ ቀሩ። በራሷ ሞተር ተነድታ! ለካ ነገሩ እንዲህ ነው። የሌላ ሰው መኪና ሲበላሽ ነው ሌባ የሚጠረጠረው፤ የእሱ ግን እየተሻለች ነው የሄደችው። ሰሞኑን በአንድ ማስነሻ ትነሳለች። ካንዴላዎቿ ንጹሕ ናቸው። የባትሪው ውኃ ጎድሎ አያውቅም። ለእርድ የሚቀለብ ሰንጋ እኮ ነው እንዲህ የሚያምርበት! ዓይኑን አንስቶ አማቹን አየው። ልጁ የዓሣውን አጥንት እየለቀመ ሥጋውን ኒላር ሰሃን ላይ ያደርግ ነበር። አቤት ትሕትና! ለእሱም ለቀመለት። ኡ ቺት ካይን የተለቀመለትን ዓሣ አልነካም።

"ምነው አባቴ?" አለች ኒላር።

"ጠግቤያለሁ።"

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር ይገጣጠምለት ጀመር። በማግስቱ ዜጆ ገበያ በር ላይ ቆሞ ሽንኩርት ነጋዴዋን ዶ ፕዋን ጠበቃት። ሃያ ዓመት ከእሱ በቀር በሌላ ሰው መኪና ተጭና የማታውቅ ሴት ናት። ጆንያዋን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ በአጠገቡ አለፈች።

"ዶ ፕዋ! ወዴት ነው?"

"ውይ ሳያ፣ አላየሁህም" አለች፤ እያየችው። "ዛሬ በእግሬ ልሂድ ብዬ ነው። ሐኪሙ ለጉልበትሽ ተራመጂ ብሎኛል።"

"ጆንያ ሽንኩርት ተሸክመሽ?"

"አዎ፤ ሸክም ይጨመርበት ብሏል።"

"የት ያለ ሐኪም ነው እሱ?"

"የእኅቴ ባል ነው" አለችና እግሯን አፈጠነች።

የዶ ፕዋ እኅት ባል ፀጉር አስተካካይ ነው። ኡ ቺት ካይን በዓይኑ ተከተላት። ጥግ ላይ ስትደርስ ጆንያዋን አውርዳ ባለሦስት ጎማ ሞተር ላይ ስትጭን የታየው መሰለው፤ እንደ ጭጋግ ቢሆንበትም ቀይ ሻሿን ለየ። እነዚያን ባለሦስት ጎማዎች የሚጠግነው ማን ነው? ኮ ቱራ! ደንበኞቹን በአንድ በኩል፣ መኪናዋን በሌላ በኩል። ወይ ነዶ፣ ከቤት ሌባ ይሰውር ማለት ይሄ ነው!

ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ዶ ኦን ሽዌ ጓሮ ተቀምጣ ባቄላ ስትለቅም አጠገቧ ቁጢጥ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ማ ኦን፣ ቤታችን ውስጥ ሌባ አለ።"

ሰፌዱ ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። "ምን ተሰረቀ?"

"ምንም።"

"ታዲያ ሌባው ምን ወሰደ?"

"እሱ እኮ ነው የሚያስፈራው! ሌባ ሆኖ የማይሰርቅ፣ ምን አስቦ ነው? የሚሰርቀውንስ እናውቀዋለን።"

ዶ ኦን ሽዌ ባቄላውን ወዲያና ወዲህ አደረገችው። ጥሩውንም መጥፎውንም ባንድ ላይ ደባለቀችው።

"የኒላር አባት፣ እንዲያው ምናልባት... አንተ ራስህ..."

"እኔ ራሴ ምን?"

"ምንም። ድካም ይሆናል ማለቴ ነው። ሰሞኑን ትንሽ ብታርፍ፣ የገዳሙ ሐኪም ቤትም እዚሁ ቅርብ ነው፣ ብትታይ..."

"ምኔን ነው የምታየው? እኔ ምን ሆኛለሁ?"

"ኧረ ምንም አልሆንክ! ማን አለ?"

ብድግ ብሎ ሄደ። ልቡ ውስጥ ግን ሌላ እሾህ ተሰካበት። እረፍ ትለዋለች። ሐኪም ቤት ሂድ ትለዋለች። ቤቱ ባዶ እንዲሆን ማን ነው የሚፈልገው? አርባ ዓመት አጠገቡ የተኛችውን ሴት ያን ቀን ተጠራጠራት። አፍሮ ተወው እንጂ ተጠራጥሯታል።

ነገሩ የፈነዳው ሻይ ቤት ነው። ኡ ቺት ካይን በልማዱ ቦታ ተቀምጧል፤ የሰፈሩ ወንዶች እንደ ወትሮው ዙሪያውን ሞልተዋል። ኮ ቱራ በመንገዱ ሲያልፍ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር በብብቱ ይዟል። አማቱን ሲያይ ዕቃውን ወደ ጀርባው አዞረ። ያቺ ማዞር ናት ጉዱን ያመጣችው።

"ና እስቲ ወዲህ!"

"አቤት አባባ።"

"ምንድን ነው የያዝከው?"

"ምንም አይደል፣ ዕቃ ነው።"

ኡ ቺት ካይን ተነስቶ ነጠቀው። ወረቀቱን ሲቀደው አዳዲስ ካንዴላዎች ጠረጴዛው ላይ ተንከባለሉ። በጣቱ ለካቸው፤ ሊነግሩት አያስፈልግም፣ የማን እንደሆኑ እጁ ያውቃል።

"ይሄ የሞተር ብስክሌት ነው?"

"አይደለም።"

"የማን መኪና ነው ታዲያ?"

ልጁ ዓይኑን ወደ ካንዴላዎቹ ሰበረ። የሻይ ቤቱ ባለቤት ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ቆመ፤ አንድ ነገር ለማለት አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው።

"የሰው መኪና በስውር ታደልባለህ አይደል? እንድትነሳልህ! ነድተህ እንድታስጨፈልቃት! እኔ ሳልሞት!"

"አባባ፣ እንደሱ አይደለም።"

"እንዴት ነው? ንገራ! ይኸው ሰው ሁሉ ይስማ!"

ኮ ቱራ ዙሪያውን አየ። ሰው ሁሉ ሲኒው ውስጥ አቀርቅሯል። ልጁ አንገቱን ደፋ።

"እናትህ ቤት ሩዝ ቢያልቅ እኮ ነው ልጄን ያገባኸው!" አለ ኡ ቺት ካይን።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እሱ ግን ወዲያው ታወቀው፤ ቃሉ ገና ከከንፈሩ ሳይርቅ። ግን ሽማግሌ ነው፤ ሰው ፊት ነው፤ ቃሉን አይመልስም። ኮ ቱራ ካንዴላዎቹን ከጠረጴዛው ለቅሞ በቀስታ አማቱ ፊት ደረደራቸው። ወገቡን ሰበር አድርጎ እጅ ነሳና ሄደ። በዚያው ዕለት ኒላር ልብሷን በሻንጣ አድርጋ እንባዋን እያፈሰሰች ባሏን ተከትላ ወደ እናቱ ቤት ወጣች። አባቷ መኪናው ሥር ተኝቶ ነበር፤ የሚጠገን ነገር ኖሮ አይደለም።

ቤቱ ጭር አለ። ዶ ኦን ሽዌ ታበስላለች፣ ታቀርባለች፣ አትናገርም። አንድ ቀን ወደ ልጇ ሄዳ ተመለሰች፤ ዓይኗ አብጦ ነበር። ኡ ቺት ካይንም አልጠየቃትም። የልጅ ልጁ እዚህ ግቢ ውስጥ ይሮጣል ብሎ ያሰበውን እያሰበ ሩዙን ሳይጨርስ ይነሳ ነበር። ቢሆንም ራሱን ያጽናና ነበር፦ ቢያንስ መኪናዬ ድናለች።

ከዚያ አንድ ጠዋት ሽቦውን ዳሰሰ። ግራ ነው።

ሰውየው ሄዷል፤ ቁልፍ የለውም፤ ግቢው ውሻ አለው። ታዲያ ማነው? ዘንጉን መዞ አየ፤ ሙሉ። መንፈስ ነው እንዳይል፣ መንፈስ ሽቦ አይጠመዝዝም። እንግዲህ የማጣራት እንጂ የማማት ጊዜ አይደለም አለና ወሰነ።

ቀትር ላይ፣ ሰፈሩ በሙቀት ሲያንቀላፋ፣ "ሻይ ቤት ነኝ" ብሎ ጮክ አድርጎ ተናግሮ ወጣ። በኋለኛው ቀጭን መንገድ ዞሮ በአጥሩ ቀዳዳ ገባና ከውኃ ጋኖቹ ጀርባ ቀርከሃ ይዞ ተቀመጠ። ትንኝ በላው። ጉልበቱ ደነዘዘ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ቅርጽ ከቤት ወጥቶ ወደ መኪናዋ ሄደ። ማን እንደሆነ አልለይ አለው፤ በፀሐይዋ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ብዥታ ብቻ ነው። የሽቦውን መፈታት ሰማ። የኮፈኑን መነሳት ሰማ።

"ያዝኩህ!" ብሎ ዘለለ።

"እሜ፣ እናቴ!" የሚል ጩኸትና የዘይት ማፍሰሻ ቆርቆሮ ኮንኮን ማለት ባንድ ላይ ተሰማ። ቀርከሃውን አንስቶ እንደደረሰ ሴቶች ፊታቸውን የሚቀቡት የጣናካ እንጨት ሽታ ደረሰው። የሚስቱ ፊት ሽታ ነው።

"አንቺ?"

"እኔ ነኝ። ዱላውን አውርድ፤ ግራ ቀኙን ሳታይ ልትገድለኝ ነው እንዴ?"

"ኮፈን ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?"

"አንተ የምትሠራውን።" ዶ ኦን ሽዌ እጇ ላይ የፈሰሰውን ዘይት በሽርጧ ጠረገች። የጠረገችው በግራ እጇ ነው። ግራኝ ናት፤ ዕድሜዋን በሙሉ ግራኝ ናት። ሽቦውን እየዳሰሰ ስንት ጠዋት ስለ ሌባ ሲያስብ፣ የገዛ ሚስቱ በየትኛው እጇ ሩዝ እንደምታማስል አላሰበም።

"ስለዚህ አንቺም ከእሱ ጋር ነሽ" አለ። ድምፁ ግን የቅድሙ ኃይል የለውም። "አደለባችሁብኝ። ልታስጨፈልቁብኝ።"

ዶ ኦን ሽዌ የዘይቱን ዘንግ መዘዘች፣ በጨርቁ ከላይ እስከ ታች አድርጋ ጠረገችና ሰጠችው።

"ስንት ነው?"

ኡ ቺት ካይን እንደ ልማዱ ወደ ብርሃኑ አነሳው። "ሙሉ ነዋ።"

"አሁን እኮ ነው የጠረግሁት፣ ኮ ቺት።"

ጣቱን በዘንጉ ላይ አስኬደ። ደረቅ ነው። መልሶ አስኬደው። ከጫፉ እስከ መያዣው ድረስ ደረቅ ብረት ነው። ዓይኑ ግን አሁንም፣ እያየው፣ ሙሉ ነው ይለዋል። ተንበርክኮ መሬቱ ላይ ተቀመጠ።

"ከመቼ ጀምሮ?" አለ።

"ከዝናቡ ማለቂያ። መኪናዋ ስትነሳ ምጣድ ላይ እንደሚቆላ ባቄላ ተንጣጣችብኝ። ቺት ይሰማዋል አልኩ። አንተ ዘንጉን አይተህ ሙሉ ነው ብለህ ሄድክ። ተመልሰህ ስትተኛ ሄጄ አየሁት፤ ዘንጉ ደርቋል። አርባ ዓመት ፋኖስ ስይዝልህ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር እንዴ የምይዘው? ከዚያ ጀምሮ እኔ ነኝ የምሞላው። አንድ ቀን ደግሞ የዘይቱን ክዳን የሩዙ ጣሳ ላይ ገጥመህ፣ የጣሳውን ክዳን ይዘህ ወጣህ። ሩጬ ነው የደረስኩብህ፤ 'ምሳ ረሳህ' ብዬ።"

"አስታውሳለሁ። ምሳዬን ይዤ ነበር።"

"ይዘህ ነበር።"

"ዶ ፕዋስ?"

"ባለፈው ወር የአንድ ሰው ጋሪ ልትገጭ በጣት ስፋት ነው የሳትከው። ከኋላ ሆና አይታለች። ሁሉም ያውቃል ኮ ቺት። ሰፈሩ ያውቃል፤ ገበያው ያውቃል።"

"ሰፈሩ ካወቀ ታዲያ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ፣ 'ዓይንህ ጠፍቷል' ቢለኝ ምን ነበረበት?"

"ማን ይበልህ? አንተን? ሳያ ቺትን? አፌን ስንት ቀን ከፍቼ ዘጋሁት። ይሉኝታ ያዘኝ። ሁሉንም ይሉኝታ ያዘው።"

ኡ ቺት ካይን ሳቀ። አስቀያሚ ሳቅ ነበር። ሸረኞች ብሎ የቆጠራቸው ሁሉ ያሴሩት ይሄንን ኖሯል፤ እንዳይከፋው። ከዚያ ሳቁ ቆመ፤ የሚፈራውን መጠየቅ ነበረበት።

"ቱራስ?"

ዶ ኦን ሽዌ አጠገቡ ተቀመጠች። "ካንዴላውን ለምኜው ነው የገዛው፤ በራሱ ኪስ። እኔ የቱን እንደምገዛ አላውቅማ። ሻይ ቤት ያልከውን ስሰማ ቱራ ጋ ሄድኩ። 'አሁንስ በቃኝ፣ እነግረዋለሁ' አልኩት። እሱ ነው የከለከለኝ።"

"ምን ብሎ?"

"'አይንገሩት። መንዳት ካስተዉት ይሞትብናል። እኔን ሌባ ብሎ ግን መኖር ይችላል' አለኝ።"

አለቀሰ ኡ ቺት ካይን። ፊቱን በዘይት ጨርቁ ሸፍኖ አለቀሰ። አፈረ፤ ከአፈሩ በታች ቢገባ በወደደ። ልጁን ከነሽሏ ያባረረው፣ የደሃ እናት ሩዝ በሰው ፊት የቆጠረው እሱ ነው። ሚስቱ አልዳሰሰችውም፣ አላባበለችውም፤ ጨርሶ እስኪያለቅስ አጠገቡ ተቀመጠች።

"የገዳሙ ሐኪም ቤት የዓይኑን ሞራ ይገፍፉታል ይላሉ" አለች በመጨረሻ። "የስንቱን ሽማግሌ ዓይን አብርተዋል።"

"እሱ በኋላ። መጀመሪያ ቁልፉን አምጪ።"

"ወዴት?"

"ልጆቼ ጋ።"

"ዓይንህ እንዲህ ሆኖ? በባለሦስት ጎማ እንሂድ።"

"በእግራችንም ብንሄድ አይሆንም። እሷ መሄድ አለባት" አለና መኪናዋን በመዳፉ ነካ።

አልገባትም፤ ግን ቁልፉን አመጣች። በጓሮ ጓሮው መንገድ፣ ሰው ከሚራመደው ባልፈጠነ ጉዞ ወጡ። ዶ ኦን ሽዌ አንገቷን በመስኮት አውጥታ ትመራለች። "ወደ ግራ። በቃ! ውሻ ተኝቷል። ውሻው አይነሳም፣ ክላክስ አድርግ። አሁን ቀጥ በል። መነኩሴ! መነኩሴ ነው፣ ቁም!" መነኩሴው አለፈ። አንድ እጇ መሪው ላይ ነበር፤ እሱም አልከለከላት። የኮ ቱራ እናት ቤት የቀርከሃ በር ፊት ሲደርሱ ቆሙ። ከግቢው የኒላር ድምፅ ይሰማል።

ኡ ቺት ካይን አልወረደም። ወርዶ ምን ሊል? የሚስት አባት የልጁን ባል "ይቅር በለኝ" ይለው ዘንድ አፉ አልተሠራም። መንበርከክማ ጭራሽ! ሽማግሌ ለልጅ ከሰገደ ነውሩ ለሽማግሌው አይደለም፤ ጦሱ በልጁ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ዕድሜውን ያሳጥረዋል ይባላል። በዚህ ልጅ ላይ ሌላ ክፉ ነገር ሊጨምርበት ነው? አንድ መንገድ ብቻ ነበር የቀረው። በታች አገር፣ ወደ ባጎ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ትልቅ ዋርካ አለ፤ አዲስ መኪና የገዛ ሰው እዚያ ወስዶ ለዛፉ ጠባቂ መንፈስ ያሰግዳታል። እጅ የላት፣ ጉልበት የላት፤ ግን ሦስቴ አፍንጫዋን ዝቅ አድርጋ ትሰግዳለች። እሱም በገዛት ዓመት ወስዷት ነበር።

ማርሽ አስገባ። መኪናዋ ወደ በሩ ተንቀሳቀሰች፤ ሊነካ ሲል ፍሬኑን ረገጠ፣ አፍንጫዋ ወደ መሬት ዝቅ ብሎ ተመለሰ። ወደ ኋላ አፈገፈገ። እንደገና ወደ ፊት፤ አሁንም አጎነበሰች።

"ምን ዓይነት ሰካራም ነው በሬን የሚያፈርሰው!" አለች የኮ ቱራ እናት ከውስጥ።

ሦስተኛውን ስትሰግድ በሩ ተከፈተ። አንድ ቅርጽ ቆሟል። ኡ ቺት ካይን አይለየውም፤ ግን አቋቋሙን ያውቀዋል። ሞተሩን ሳያጠፋ መሪውን ይዞ ጠበቀ። ከዚያ ሁለት እጆች ኮፈኑ ላይ አረፉ፤ ሰው የሚወደውን ትከሻ ይዞ "በቃ፣ ተነስ" እንደሚል።

"አባባ" አለ ኮ ቱራ። "ፍሪሲዮኑን አቃጠሉት እኮ።"

"አውቄያለሁ።"

"ይሸታል።"

"አፍንጫዬ ደህና ነው!" አለ ኡ ቺት ካይን። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እያቃሰተ፣ ከመሪው ኋላ ተነስቶ ወረደና ዞሮ በሌላኛው በር መጣ። "ማ ኦን፣ ከኋላ ከኒላር ጋር ተቀመጪ። እሱ ይነዳል።"

አርባ ዓመት ሙሉ በዚያ በኩል፣ ሚስቱ በምትቀመጥበት ቦታ፣ ተቀምጦ አያውቅም። ኒላር ሻንጣዋን ሳታሥር፣ በነጠላ ጫማዋ ሮጣ ወጣች፤ እናትና ልጅ ከኋላ ተቃቅፈው ተቀመጡ። ኮ ቱራ መሪውን ያዘ፣ ማርሽ አስገባ፤ መኪናዋ ያለ አንዳች መንገጫገጭ ተነሳች። ኡ ቺት ካይን የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ዘለለ።

"ይሄ ወንበር ምንድን ነው የሚወጋው?" እጁን ከበታቹ ሰዶ ዳሰሰ። የሽቦ ስፕሪንግ ጨርቁን ቀዶ ወጥቷል፤ ጫፉ በሰው ልብስ ብዛት ለስልሷል። "ማ ኦን! ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

ከኋላ በመስኮቷ ቀዳዳ የሚስቱ ድምፅ መጣ።

"ከገዛሃት ጀምሮ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

ኡ ቺት ካይን ጥያቄውን እንደጨረሰ መልሱን ራሱ አወቀው። ስፕሪንጉን በጣቱ እንደያዘ፣ የመኪናዋን እያንዳንዱን ብሎን በስም የሚያውቀው ሰው፣ እስከ ቤቱ ድረስ አንገቱን ደፍቶ ሄደ።